የይለፍ ቃል ስትጠብቅ የከረመችው ኮምፒውተሬ

ኮምፒውተሬ አማት ሆናብኝ ነበር። የድምፅ ቀረጻዎቼን ዳታቤዝ ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጪ ባልኳት ቁጥር «የይለፍ ቃል?» ትለኛለች።

ሲሰለቸኝ በየማለዳው ራሷ እንድትቀዳ አዘዝኳት። ቃሉን ግን የትም አልጻፍኩላትም። ምስጢር ጠባቂ ነኛ!

ለካ እኔ ተኝቼ፣ እሷ ሁለት ወር ሙሉ እየጠየቀች መልስ ስትጠብቅ ከርማለች። ዛሬ ዲስኳ ተቃጥሎ ቅጂውን ስፈልግ፣ አንድም ቀን እንዳልቀዳች ገባኝ።

ያ ረቢ! በእነዚህ ወራት የሰበሰብኩት የአቦከር ሰፈር አዛውንቶች ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ባለፈው ወር ያረፉት አዛውንት አው ዩሱፍም እዚያ ነበሩ። «ከሞትኩም በኋላ ለፍልፌ አደነቁራችኋለሁ» ብለው የሳቁበት ቀረጻ!

እናንተስ በገዛ እጃችሁ እንዲህ ያጠፋችሁት ነገር አለ? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። የአው ዩሱፍ ባለቤት ናቸው።

«ልጄ፣ ነገ የመታሰቢያ ሰደቃቸው ነው። ድምፃቸውን አንዴ ልስማ ብዬ መጣሁ።»