የሜሮን ፎጣ

ልጄ ዋና ልትሄድ ስትል የፀሐይ ክሬም ቀባኋት። ሽታው ከምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ አንስቶ ቅርባችን ወዳለችው አሌክሳንድሪያ፣ አክስቴ ቤት መለሰኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሜሮን ከግሪክ መመለሷ ነው። «አቴንስ ሁለት ቀን፣ ከዚያ በመርከብ ሦስት ደሴት! ባሕሩ ሶ ብሉ፣ ሰማያዊ!» እያለች ነጠላ ጫማዋ እግሯ ላይ የተወውን መስመር ታሳየኛለች። ቅናት አንገበገበኝ።

«እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» አልኳት እማዬን።

«ወረቀታችን ሲመጣ።»

ያን ሰመር ሙሉ ፖስታ ሣጥናችንን ስከፍት የከረምኩት ደብዳቤ መስሎኝ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ መሆኑን የት አውቄ!

የዚያን ቀን ግን በንዴት የሜሮንን የባሕር ፎጣ ውኃ ውስጥ ልነክረው መታጠቢያ ቤት ገባሁ። እማዬ ቀድማኛለች። ክሬም ክሬም የሚሸተው ፎጣ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ቆማለች። ስታየኝ ደንገጥ ብላ፣ «ደርቆ እንደሆነ ላየው ብዬ ነው» አለችኝ። አመንኳት። እንዲያውም ለሜሮን ፎጣ ትጨነቃለች ብዬ አኮረፍኳት።

የእማዬ ወረቀት የመጣው ጉልበቷ እምቢ ካላት በኋላ ነው። ዛሬ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«እስቲ ከክሬሙ ለእኔም ጠብ አድርጊልኝ።»

እሷ ዋና አትሄድም። መዳፏን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።