ሶባ ላይ አናጢ የሆንኩበት ቀን

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ጠዋት... ጊታሬን አዝዬ ሶባ ወደሚባለው ሰፈር በሚሄድ፣ እዚህ ሰው አገር ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ጥድፊያ ላይ ነበርኩ። ለጊታር ብቻ የሚሆን ሙዚቃ እደርሳለሁ፤ ዘፋኝ የለው፣ ከበሮ የለው፣ ስድስት ክርና አንድ ሰው። ውጭ አገር ያለ አንድ ጊታር ተጫዋች አዲሱን ሥራዬን መድረክ ላይ ሊጫወትልኝ አስቦ፣ ቅጂውን እስከ ሐሙስ ማታ እንድልክለት ጽፎልኛል። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር የምኖርበት ግቢ ውስጥ ደግሞ መቅዳት የሚታሰብ አይደለም። ጄኔሬተር፣ ራክሻ የሚሉት ባጃጅ፣ የጎረቤት ሬዲዮ... አሥራ አንድ ጊዜ ጀምሬ አሥራ አንድ ጊዜ አቋርጫለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስቀመጥ መቆም፣ ስቆም መቀመጥ ሲያሰኘኝ ነው የከረመው።

ጓደኛዬ ተክሌ ሶባ የሚጠብቀው ቤት አለ። ባለቤቶቹ በጦርነቱ ጊዜ ወጥተው አልተመለሱም። በሩም መስኮቱም ተነቅሎ ተወስዷል። ቤቱ ባዶ ነው፣ ሰፈሩም ሰው የለበትም፣ እንደፈለግህ ሁንበት አለኝ።

ሙዚቃው ብዙ ሰው እንደለመደው ዓይነት አይደለም። ክር ከመምታቱ ይልቅ የጊታሩን ሆድ በጣት አንጓ ማንኳኳት፣ በመዳፍ መደብደብ፣ ወፍራሙን ክር በጥፍር መፋቅ ይበዛዋል።

ከጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሬ እስከ ቀትር ደጋገምኩት። አንዱ ቦታ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ልቤ ይቸኩልና እጄን ይቀድመዋል። ቀትር ላይ ከአጥሩ ወዲያ መኪና ሲቆም፣ ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሰው የለበትም የተባለው ሰፈር ሰው ነበረበት። ቢሆንም ቀጠልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከውጭ «ያ ኡስታ» የሚል ጥሪ መጣ። የእጅ ባለሙያ የሚጠራው እንደዚያ ነው። ጊታሬን ግድግዳ አስደግፌ ወጣሁ። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው በር በሌለው በር ላይ ቆመዋል። ሙስጠፋ እባላለሁ፣ ጎረቤት ነኝ አሉኝ በዓረብኛ። ከጠዋት ጀምሮ ሥራህን ስንሰማ ነበር፤ እናቴ አሁን አረፈች፤ እሷን የምንሸከምበት አልጋ እግሩ ላልቷል፤ የሰፈሩ አናጢ ሁሉ ተሰዷል፤ ወላሂ መጥተህ ብትጠግንልን አሉኝ።

ለካ ማንኳኳቴን ሰምተው በር የምገጥም መስሏቸዋል።

ሰው የሞተበት ቤት አጥር ሥር ሙዚቃ ስጫወት ውያለሁ። እኛ አገር እንኳ ልቅሶ ካለ ጎረቤት ሬዲዮ ይዘጋል። ለቅሶ ያልሰማሁት ሟቿ፣ ሰፈሩ ሐጃ የሚላቸው እናት፣ ስሞት እንዳትጮሁብኝ ብለው ስለተናዘዙ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። አናጢ አይደለሁም ብል፣ ታዲያ ምን ስታንኳኳ ዋልክ ሊሉኝ ነው።

«እሺ፣ ያ ዓሚ» አልኩ፤ እሺ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

አልጋው አንገሬብ የሚሉት፣ በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ነው። መዶሻ ሰጡኝ። ከአሮጌ ሣጥን ስንጥር ሰብሬ፣ እግሩ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ሰካሁና መታሁት። ከዚያ የላላውን ገመድ ከዳር እስከ ዳር ወጠርኩ። ይሄኛውስ አይጠፋኝም። ስጨርስ ግን... እጄ ሳላዘው ገመዱን በአውራ ጣት ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ድው አለ። የቆሙት ወንዶች በሙሉ ዞረው አዩኝ።

መወጠሩን ለማየት ነው አልኩ። ዓም ሙስጠፋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐጃ ታጥበው፣ ተከፍነው ወጡ። ወንዶቹ እየተቀያየሩ ነው የሚሸከሙት። አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ማንም ምንም አላለኝም። በጠገንኩት እግር በኩል ገብቼ ትከሻዬን ሰጠሁ። ሊቀበሉኝ ሲመጡ እንቢ አልኩ። እንጨቱ ሲጥ... ሲጥ... ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ያዳመጥኩት ድምፅ የለም። ስንጥሩ ቢወልቅ እኒያን የመሰሉ እናት መሬት ላይ ልጥላቸው ነው። መቃብሩ ጋ እስክንደርስ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እግሩ ግን ያዘ።

ስመለስ ጊታሩን ወደ ቦርሳው ከተትኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታ ለተጫዋቹ ቅጂው አልደረሰልኝም ብዬ ጻፍኩለት። በማግስቱ የሌላ ሰው ሥራ መምረጡን አሳወቀኝ።

ያም ቆጨኝ። ከዚያ በላይ ግን ውሸቱ አላስተኛ አለኝ። ሰዎቹ «አላህ ይስጥልን፣ ኡስታ» እያሉ የጨበጡኝ እጅ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። በሳምንቱ ስኳር ይዤ ሄድኩ። «አልበረካ ፊኩም» ብዬ ካጽናናኋቸው በኋላ ለዓም ሙስጠፋ እውነቱን ነገርኳቸው። አናጢ አይደለሁም፣ ያን ቀን ሙዚቃ ነበር የምጫወተው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

ያ ሁሉ ማንኳኳት ሙዚቃ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኩ።

«እናቴ ስትሰማህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ከጦርነቱ ወዲህ ይሄ ሰፈር ድምፅ አልነበረውም። ያን ቀን ጠዋት ‹ስሙ፣ ጎረቤት ቤቱን እየሠራ ነው፤ ሰው ሊመለስ ነው› አለችን። መስኮቱን አስከፍታ፣ አንተን ስትሰማ ነው ያለፈችው።»

ትከሻዬን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ያን ሥራዬን ከጠዋት እስከ ቀትር ሳይሰለቹ የሰሙልኝ ሰው እስካሁን ሐጃ ብቻ ናቸው።