ለኮሪያዋ ልጅ የተሳልነው ጧፍ

«የድራማዋ ልጅ ልትሞት ነው!» ብላ ጎረቤቴ ጫልቱ በአጥር ላይ ስትጮህ እጄ ሳሙና ውስጥ ነበር። ዛሬ በሰው አገር፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የዚያ የኮሪያ ድራማ ዘፈን ከአንዷ ስልክ ሲንቆረቆር የድሮ ሰፈራችን የገፈርሳ ባሕር ዛፍ ሸተተኝ። እሱ ሥር ቆመን ነበር፣ «ከዳነችልን አንድ እስር ጧፍ እናገባለን» ብለን ለማርያም የተሳልነው።

ልጅቷ በመጨረሻው ክፍል ዳነች።

«እማዬ፣ ተዋናይ እኮ ናት፤ ስለቱ ይቀራል አይደል?» አልኳት።

«እሷ የውሸት ብትታመም፣ ማርያምም የውሸት ሰማችሽ?» አለችኝ።

ጫልቱ ግን፣ «ቄሱ ለማን ነው ቢሉን፣ ለኮሪያ ልጅ ልንል ነው?» ብላ በሳቅ ፈረሰች፤ አፍረን ጧፉን ሳናገባ ቀረን።

አሁን ሳስበው ይከብደኛል፤ እዚህ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን የለም። ጫልቱዬ፣ እባክሽ በሃያ አንድ ሂጂና ጧፉን አግቢልን፤ እየሳቅሽም ቢሆን።