ማሽኑ ምሳ ለምዷል

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። አቃቂ በሰቃ አጠገብ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። ዛሬም ሰው ኮምፒውተር ሲያጠፋ ባየሁ ቁጥር ሰይድ ትዝ ይለኛል።

ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ የምንሠራበት እኔና ሰይድ ነን። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ካልቀለደ የበላው አይፈጭለትም። ምሳ ስንወጣ "ሰው የሌለበት ክፍል መብራት ምን ያደርግለታል?" እያለ የሠራነውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ያጠፋል፤ ስንመለስ ያበራዋል።

አንድ ቀን የፋብሪካው ካድሬ ስብሰባ ጠራ። ለአብዮት በዓል የምርት ዕቅዱ እንዲሳካ ምሳ ሰዓታችንን በፈቃዳችን እንድንሠራበት ወሰንን። ወሰንን ልበል እንጂ እኛ ያደረግነው ማጨብጨብ ብቻ ነው። ሰይድ እጁን አወጣ።

"ጓድ፣ እኛስ እሺ። ማሽኑ ግን ምሳ ለምዷል፣ ያኮርፋል።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ካድሬው አልሳቀም።

ምሳ መውጣት ከተውን ወዲህ ኮምፒውተሩ ከሰዓት በኋላ ድርቅ ብሎ መቆም ጀመረ። አጥፍተን ስናበራው ይነሳል፤ ዲስክ ላይ ያልተቀመጠው ሥራ ግን ይጠፋል። ለበላይ አካል የሚላከው ሪፖርት ሳይደርስ ሲቀር ካድሬው ክፍላችን መጣ።

"ያኮርፋል ያልከው ይህንን ነው?"

"ቀልድ ነበር ጓድ።"

"አሻጥርም በቀልድ ይጀመራል።"

አብረውት የመጡ ሁለት ሰዎች ሰይድን ይዘው ወጡ። በሩ ላይ ዞር ብሎ "አብሽሪ እህቴ" አለኝ።

አላለቀስኩም። ዲበገር የሚባለውን፣ ፕሮግራምን መስመር በመስመር እያስኬደ ስህተት የሚፈለግበትን መሣሪያ ከፈትኩና ተቀመጥኩ። እጄ ይሠራል፤ ሌላው አካሌ የእኔ አይመስለኝም ነበር።

በመጨረሻ አገኘሁት። ምርቱን የምንመዘግብበት ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ጥቅል ጨርቅ ከሜሞሪው ላይ ቦታ ይወስዳል፤ ሲጨርስ አይመልስም። ከጎረቤት ሰሃን እየተዋሰ እንደማይመልስ ሰው ማለት ነው። ሰሃኑ ሲያልቅ ማሽኑ ይቆማል። እስከዚያ ድረስ ያልታወቀብን ሰይድ ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚያጠፋው ነው። ኮምፒውተር ሲጠፋ ሜሞሪው ባዶ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ እንደ አዲስ ይጀምራል። እውነትም ምሳ ለምዶ ነበር።

ፕሮግራሙን አስተካክዬ ለካድሬው ነገርኩት።

"ጥፋቱ የማሽኑ ነው እያልሽ ነው?"

"አዎ ጓድ።"

"ቀልዱስ የማን ነው?"

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ሰይድ የተለቀቀው በዓሉ ካለፈ፣ ምሳ ሰዓታችንም ከተመለሰልን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከስቶ መጣ። ስህተቱን ማግኘቴን፣ ከእንግዲህ ሳይጠፋ ቢውልም እንደማይቆም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተነስቶ አጠፋው፤ ስክሪኑ ጭልም እስኪል ቆሞ ጠበቀ። በማግስቱም እንደዚያው አደረገ።

ፋብሪካውን እስክለቅ ድረስ ጎን ለጎን ሠርተናል። አንድም ቀን ሲቀልድ አልሰማሁትም፤ እኔም ቀልድ ብዬው አላውቅም።