ጠቋሚ የሌለው ሰዓት

የሰዓት ሥራ ጊዜን መናገር ነው። የምክትል ርዕሰ መምህራችን ሰዓት ይህን ቀላል ሥራ እንዴት እንደሚያወሳስበው ላስረዳ። ጠቋሚ የለውም። በጎበጠ መስታወት ሥር ሦስት ክንዶች ይዞራሉ፤ በየክንዱ ጫፍ አራት ቁጥሮች የተቀረጹበት ቁራጭ ብረት አለ፤ ተራው የደረሰው ቁጥር ከታች ባለው የደቂቃ ቅስት ላይ እየተንፏቀቀ ያልፋል። ሰከንድ የሚቆጥር ነገር የለበትም፤ ስለዚህ ይሂድ ይቁም አይታወቅም። ባትሪም የለው፣ በየቀኑ በጣት መሞላት አለበት። እጅ ላይ ሲታይ ጉብ ያለች እንቁራሪት ይመስላል።

የሚስታቸው ወንድም የሰጣቸው ነው። "ዋጋው ከመኪና ይበልጣል" ይሉን ነበር በመምህራን ማረፊያ ክፍል። ካሰሩበት ሳምንት ጀምሮ ሸሚዞቻቸው ሁሉ እጅጌያቸው አጠረ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ቀን እኔና ምክትሉ አንድ ክፍል እንድንፈትን ደረሰን። ተማሪ ስልክም ሰዓትም ይዞ አይገባም፤ ቀሪውን ጊዜ ፈታኙ በየግማሽ ሰዓቱ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ዓመቱን ሙሉ "ሰሌዳውን እያያችሁ ጊዜያችሁን ከፋፍሉ" እያልኩ ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ። ከሁምቦ መጥታ ሶዶ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ ምክሬን ቃል በቃል ትወስዳለች፤ ረጅሙን የሂሳብ ጥያቄ ሁልጊዜ ለመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ታቆያለች። በዚህ ፈተና የተሻሉ አሥር ልጆች ብቻ ልዩ ማጠናከሪያ ይሰጣቸዋል፤ እሷ በመግባትና ባለመግባት መካከል ነበረች።

የፕላስቲክ ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ምክትሉ ሳቁ።

"ይህን መጫወቻ ኪስህ ክተተው። እዚህ ክፍል ሰዓት አለ።"

ከተትኩት።

ፈተናው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነበር። አራት ሰዓት ላይ "ቀሪ 1 ሰዓት" ብለው ጻፉ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ልጅ "ቲቸር፣ ስንት ቀረ?" አለ። ክንዳቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው "ሃምሳ ደቂቃ፣ ተረጋጉ" አሉና ሰሌዳው ላይም ጻፉት። ብዙ ቆይቶ ሌላ ልጅ ጠየቀ። አሁንም ክንድ፣ አሁንም ብርሃን፣ አሁንም "ሃምሳ"።

"ቅድምም ሃምሳ ነበር እኮ!"

"ዝም ብለህ ሥራ!"

ሰውዬው ሰዓቱን የሚያዩት ለማንበብ ሳይሆን ሲያዩ ለመታየት ነበር። እኔ ደግሞ፣ ሥርዓት አዋቂው፣ መጫወቻዬን ከኪሴ ለማውጣት አፈርኩ።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለደወል የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ መታ። ፈተና አለቀ ማለት ነው። የሁምቦዋ ልጅ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች፤ ከዚያ እኔን። ረጅሙን ጥያቄ ገና አልነካችውም።

"ወረቀት ሰብስብ" አሉኝ ምክትሉ።

ሰዓቴን አወጣሁ። ልክ አምስት ሰዓት።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ቆሟል። ጠዋት ሞልተውት ነበር?"

"ይሄ? ይሄ አይቆምም!"

"ስንት ይላል?"

አዩት። "አራት ከአሥር።"

"እንግዲያው ገና ሃምሳ ደቂቃ አላቸው። ለምን እንሰበስባለን?"

ዘበኛው በመስኮቱ ብቅ ብሎ "በእኔ ስልክ አምስት ሞልቷል!" አለ።

ክፍሉ በሙሉ ምክትሉን ያያል። ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ ወይ ሰዓቱ ቆሟል ማለት፣ ወይ ቸርኬው ተሳስቷል ማለት።

"የአንተ ስልክ ነው ወይስ ይሄ ነው የሚታመነው?" ብለው ዘበኛው ላይ ጮኹ። ወደ ልጆቹም ዞረው "ቀጥሉ!" አሉ።

ለሠላሳ አምስት ልጆች ያልሆነ ነገር ለአንድ ቁራጭ ብረት ክብር ሲባል ሆነ። ሃምሳውን አጥፍቼ "ቀሪ 30" ብዬ ጻፍኩ፤ የተሰረቁት ሳይነገራቸው ያለፈው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነውና ከዚያ አላሳለፍኩም። የፕላስቲክ ሰዓቴን ሰሌዳው ሥር አስቀመጥኩና በየአምስት ደቂቃው ቁጥሩን አስተካከልኩ።

ሠላሳው ሲሞላ የሁምቦዋ ልጅ መልሷን ሁለት ጊዜ አስምራበት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ምክትሉ በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ክንዳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አልፌ ስወጣ ሰዓቱን አየሁት፤ አራት ከአሥር።