ያልነበረው አሳማ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴ ከአዲስ አበባ በስልክ «ሌላስ፣ ልጄ?» ሲሉኝ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን እዘረዝርና እዚህ ስደርስ መስመሩ ተቋረጠ ብዬ እዘጋለሁ። መስመሩ ተቋርጦ አያውቅም። እነሆ ላንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ፣ እነግርሃለሁ፤ ፊትህን ስለማላይ ይቀለኛል። ፈሪ ነኝ።

ጅዳ ውስጥ፣ ሰቢል በሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ ክሊኒክ የሆርሞን ሐኪም ነኝ። ይህ በሆነበት ሳምንት ለባልደረቦቼ ትምህርት ሰጥቼ ነበር። ከኩላሊት በላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ እጢዎች የሚቀሰቅሰው ሆርሞን፣ የተፈጥሮውና ሰው ሠራሹ በምን ይለያያሉ የሚል። የተፈጥሮው ከታረደ አሳማ ይወጣል፤ አንጎሉ ሥር ካለች እጢ። ሰው ሠራሹ በላቦራቶሪ ይሠራል፤ ከተፈጥሮው የፕሮቲን ሰንሰለት የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ይዞ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ሰውነትም ብዙ አይቆጣበትም። ተጨበጨበልኝ። እኛ ክሊኒክ ያለው ሰው ሠራሹ ብቻ እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ይመር የመጣው ሐሙስ ቀትር ላይ ነው። የወሎ ልጅ፣ በመካ መንገድ ላይ ባለችው ባሕራ ሲሚንቶ የሚያራግፍ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው። ለወገቡ ሕመም ብሎ ያለ ሐኪም የገዛውን የኮርቲዞን ክኒን ዓመት ሙሉ ሲውጥ ኖሮ፣ ሲያልቅበት ባንዴ ተወው። ክኒኑ ያስተኛቸው እጢዎች አልነቁም ብዬ ጠረጠርሁ። ከስቷል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲቆም ዓይኑ ይጨልማል። እንዲህ ያለው ሰው ካልታከመ ከባድ ድካም ድንገት ሊገድለው ይችላል። ምርመራው ቀላል ነበር፤ ሆርሞኑን መውጋትና እጢዎቹ መልስ መስጠታቸውን ከደሙ ማየት።

መርፌውን ሲያይ እጁን ሰበሰበ።

«ዶክተር፣ አፉ ይበሉኝና ይኸ ነገር ከምንድን ነው የተሠራው? ለኡምራ ኒያ አድርጌያለሁ፣ መካ ልሄድ ቆርጫለሁ። ሐራም ገላዬ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

ቆይ አልሁት። ደግሞ ጠየቀኝ። ምሳዬ እየቀዘቀዘ ነበር። አንድ አረብ ባልደረባዬ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሎ ያየናል። ሲሚንቶ የለበሰ ያገሬ ሰው ከእኔ ጋር መቆጠሩ አሳፈረኝ። አዎ፣ አሳፈረኝ! ሦስተኛ ሲጠይቀኝ ከንፈሬን ጠምዝዤ፦

«ከአሳማ ነው» አልሁት። «ትወጋለህ ወይስ ትሄዳለህ?»

ምን ነካኝ? ምንም አልነካኝም። እኔ ነኝ ያልሁት፣ እያወቅሁ ነው ያልሁት።

«አስተግፊሩላህ» አለና እጅጌውን ቀስ አድርጎ አወረደ። «ኸላስ፣ ዶክተር። አላህ ሌላ ሰበብ ያመጣል። እውነቱን ስለነገሩኝ ጀዛከላህ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ልመልሰው እችል ነበር። ይመር በሩ ላይ ደርሶ ጫማውን ሲፈልግ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። ቀልዴን ነው ብል ይበቃ ነበር። ምርመራው ቢቀር እንኳ የጎደለውን የሚተካ ክኒን መሳቢያዬ ውስጥ ነበረ፤ በጥርጣሬ ብቻ ልሰጠው ይገባኝ ነበር። አልሰጠሁትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በሆዴ ሳቅሁበትና መዝገቡ ላይ «ምርመራውን እምቢ ብሏል» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ይህንኑ እንደያዘ ነው። ሞኙን አንተ ለይ። ከዚያ ምሳዬን አሙቄ በላሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ታላቅ ወንድሙ ሁሴን ከመካ፣ ሩሰይፋ ከሚባል ሰፈር መጣ። ይመር ኡምራውን አድርጎ ወደ ሥራ ተመልሶ ነበር። ባሕራ ከመኪና ሲሚንቶ ሲያወርድ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። መካ ቀበሩት።

ሊከሰኝ የመጣ መስሎኝ መዝገቡን አስቀርቤ ነበር። እምቢ ብሏል የሚለውን ላሳየው። አየህ የማስበውን?

«ላመሰግንዎት ነው የመጣሁ» አለኝ። «ይመር፣ ያ ዶክተር እንደ ሌላው አላታለለኝም፣ ሐራሙን ሐራም ብሎ ነገረኝ ይል ነበር። ንጹሕ ሆኖ ሄደ፣ አልሐምዱሊላህ። እናታችንም ይህን ስትሰማ ተጽናናች።»

ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገልኝ። አላህ ስለ እውነተኛነትዎ ይክፈልዎ አለና ጠበቀኝ። እኔም እጆቼን ዘረጋሁ። አሜን አልሁ።

ውሸቱን በንዴት ተናገርሁት እንበል። አሜኑንስ? ያን ጊዜ ርቦኝ አልነበረም፣ የሚስቅብኝም ሰው አልነበረም። እናቲቱን እንዳላሳዝን ዝም አልሁ የምትል ማመካኛ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እኔው ራሴ ላምናት ይቃጣኛል። ውሸት ናት። ምርቃቱ ደስ ብሎኝ ነው።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር የሚለኝን ሰው ቀብረውታል። ሁሴን በየረመዳኑ ይደውላል። «እናቴ አሁንም ዱዓ ታደርግልዎታለች፣ ዶክተር» ይለኛል።

እኔም እስከ ዛሬ አሜን እላለሁ።