በክታቡ ላይ የለካሁት ክንድ

ዛሬ ልጄን ለክትባት ወስጄው ነበር። ክትባት የምትሰጠው ልጅ ከመሳቢያዋ ያቺን ጠባብ ሜትር ስታወጣ ልጄን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። የሕፃን ክንድ ላይ ተጠምጥማ ረሃብን የምትለይ ሜትር ናት። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንተ ልንገርህ።

ሸዋ ሮቢት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ተፈናቃዮች ገቡበት። ተኩስ ከየገጠሩ ያባረራቸው እናቶች በእኛው ጥቁር ሰሌዳ ሥር ያድሩ ነበር። ዴስኮቻችን ውጭ ፀሐይ ላይ ተቆልለዋል። ግቢው ክሎሪን ክሎሪን ይላል፤ ከአጥሩ ወዲያ የሚጭነው መኪና ያጣ ሽንኩርት ማሳው ላይ በስብሶ ይሸታል።

ሕፃናቱን የምታየው ነርስ ሜትሯን ሰጠችኝ። «ግራ ክንዳቸውን ለኪ። ቢጫና ቀይ የወጣውን ወደኔ ላኪ» አለችኝ። እሷ ዘንድ የደረሰ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን የለውዝ ምግብ ያገኛል፤ አረንጓዴ የወጣለት ይመለሳል። እጅሽ ፈጣን ነው ስላለችኝ ልቤ አብጦ፣ በጎ ፈቃደኛ ተብዬ በለበስኳት ሰደርያ ራሴን ሐኪም አድርጌው ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከማጀቴ ከተማ በኩል የመጣች እናት ተራዋ ደረሰ። ልጇ ግራ ክንዱ ላይ በቆዳ የተሰፋ ወፍራም ክታብ ታስሮለታል።

«ይፈታ፣ እትዬ» አልኳት።

«አልፈታውም፣ የኔ እናት። ይሄ ሁሉ ዓይን ባለበት? ሁለት ቀብሬ ነው እሱን ያገኘሁት።»

ሰልፉ በሩ ድረስ ተጎትቷል፤ ክርክሩ ሰለቸኝ። ሜትሯን በክታቡ ላይ አዙሬ ሳብኳት። አረንጓዴ።

«ደህና ነው» አልኳት።

«ደህና ነው እንዴ? አይጠባም እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ሜትሩ ነው የሚናገረው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እሷም «አላህ ይስጥሽ» ብላኝ ሄደች። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ ምርቃቷ ነው።

ከስድስት ቀን በኋላ ነርሷ የመማሪያ ክፍሎቹን ስትዞር ሕፃኑን አገኘችው። ክታቡን ሳትነካ ቀኝ ክንዱን አንስታ ለካችው። ቀይ። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ግራ ስለተባልኩ ግራ፤ ልጁ ሌላ ክንድ እንዳለው ትዝም አላለኝ።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት እናቱ «ደህና ነው ብላኛለች እኮ፣ ያቺ ልጅ ደህና ነው ብላኛለች» ትል ነበር። እኔን መክሰሷ አልነበረም፤ ራሷን የምታጽናናበት ቃል እሱ ብቻ ስለነበር ነው። በማግስቱ ብቻዋን ተመለሰች። ክታቡን በመዳፏ ይዛው ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። ለነርሷ እውነቱን አልነገርኳት፣ እናትየዋንም ይቅርታ አልጠየቅኋት። ወደ አገሯ ስትመለስ ከዴስኮቹ ክምር ኋላ ተደብቄ አሳለፍኳት። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ክትባት የምትሰጠው ልጅ የልጄን ግራ ክንድ ለክታ «አረንጓዴ ነው» አለችኝ።

«ቀኙንም ለኪልኝ።»

«ለምን? አንዱ ይበቃል እኮ።»

የልጄን የቀኝ እጅጌ ወደ ላይ ሰብስቤ ያዝኩላት።